«አልጋው ዞረብኝ» ያለችው እናት አልተሳሳተችም

በሠፈራችን የምትኖር፣ በልብስ ስፌት ፋብሪካ እየሠራች ሦስት ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት አለች። ለወራት ከራስ ምታት ጋር ስትታገል ከቆየች በኋላ ሐኪሟ ጭንቅላቷ በኤም.አር.አይ. መሣሪያ እንዲታይ አዘዘላት። ገንዘቡ ቀላል አልነበረም። የዕቁብ ተራዋን ጠብቃ፣ የጎደለውን ከእኅቷ ተበድራ ከፈለች።

ዕለቱ ደርሶ ከመሣሪያው አልጋ ላይ ተጋደመች። አልጋው ቀስ እያለ ወደ ክቡ ዋሻ ሲያስገባት ግን ያልጠበቀችው ነገር ደረሰባት። ሳትንቀሳቀስ ተኝታ ሳለ አልጋው ወደ አንድ ጎን የሚሽከረከር መሰላት። ሳንቲም አፏ ውስጥ የያዘች ይመስል ምላሷን ብረት ብረት አላት። «አውጡኝ፣ አልጋው እየዞረብኝ ነው!» ብላ ጮኸች። ወዲያው አወጧት። መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ወጣትም በትሕትና «እናቴ፣ አልጋው እኮ አይዞርም፤ ፍርሃት ነው» አላት። ምርመራው ሳይፈጸም ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም። ቡና ላይ አንዷ ጎረቤት «በሽታው ቢጠና ነው እንጂ ማንን አዞረ?» አለች። ሌላዋ «እዚያ ውስጥ የገባ ሰው ደኅና አይወጣም» ብላ ጨመረችበት። ባለቤቷ ስለ ባከነው ገንዘብ ባይናገርም ማዘኑ አልቀረም። እሷም በራሷ ፍርሃት አፍራ ዝም አለች። የሕመሟ ምክንያት ሳይታወቅ ሁለት ወር አለፈ።

ውድ አንባቢያችን፣ ለዛሬው ርእሳችን መነሻ የሆነን ይህ ነው። አልጋው በእርግጥ አልዞረም። «ዞረብኝ» ያለችው እናት ግን አልተሳሳተችም። የተሰማት ነገር እውነተኛ ነበር፤ ምክንያቱም የታወቀ ነው። ይህን አስቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ ገንዘቧም ሁለት ወሯም ባልባከነ ነበር። ስለዚህ ወደዚህ ምርመራ የሚሄድ ሰው ምን ሊሰማው እንደሚችል፣ የትኛው ስሜት የሚያሳስብ፣ የትኛው ደግሞ የማያሳስብ እንደሆነ በዛሬው ጽሑፋችን እንመለከታለን።

መሣሪያው ምን ዓይነት ነው?

ብዙ ሰው ኤም.አር.አይ.ን ከራጅ ጋር አንድ አድርጎ ይመለከተዋል። ራጅና ሲቲ ስካን የሚሠሩት በኤክስሬይ ጨረር ነው። ኤም.አር.አይ. ግን ይህን ጨረር ጨርሶ አይጠቀምም፤ የሚሠራው በብርቱ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። በሰውነታችን ባለው ውኃና ስብ ውስጥ የሚገኙት እጅግ ደቃቃ የሃይድሮጅን ክፍሎች በማግኔቱ ኃይል ይሰለፋሉ። የሬዲዮ ሞገድ ሲላክባቸው ሰልፋቸው ይናጋል። ወደ ቦታቸው ሲመለሱ የሚሰጡት ደካማ ምልክት በኮምፒዩተር ተሰብስቦ ምስል ይሆናል።

የማግኔት ኃይል የሚለካው ቴስላ በሚባል መለኪያ ነው። በሆስፒታሎችና በምርመራ ማእከሎች በብዛት የሚገኙት መሣሪያዎች 1.5 ወይም 3 ቴስላ ኃይል ያላቸው ናቸው። የኮምፓስን መርፌ ወደ ሰሜን ከሚያዞረው ከምድራችን የማግኔት ኃይል ጋር ሲነጻጸር አነስተኛው እንኳ ከ20 ሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል።

አንድ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። የአብዛኞቹ መሣሪያዎች ማግኔት አይጠፋም። በውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ አንድ ጊዜ የገባበት ኤሌክትሪክ ሳይደክም ሲዞር ይኖራል። ስለዚህ ሌሊትም ሆነ ቀን፣ ታካሚ ኖረም አልኖረም፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ ማግኔቱ ብረት ከመሳብ አይቦዝንም።

ይህን ምርመራ ለዛሬው ደረጃ ካበቁት ሊቃውንት መካከል አሜሪካዊው ፖል ላውተርበርና እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1978 ሰው የሚያስገባውን የመጀመሪያ መሣሪያውን ሲሞክር፣ ልብህን ሊያውክብህ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሶት ነበር። እሱ ግን ሌላ ሰው ከማስገባት ይልቅ ራሱ ገባበት፤ በደኅናም ወጣ። ከዚያ ወዲህ በመላው ዓለም እጅግ ብዙ ሰው በዚህ መሣሪያ ተመርምሯል።

ማዞሩ ከየት ይመጣል?

በጆሯችን ውስጥ፣ ከመስሚያው ክፍል ጎን፣ የግማሽ ክብ ቅርጽ ያላቸው ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ቱቦዎቹ በፈሳሽ የተሞሉ ናቸው። ራሳችንን ስናዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀርና በውስጣቸው ያለውን ስስ መጋረጃ ይገፋል። አእምሯችንም ከዚህ ግፊት ራሳችን መዞሩን ያውቃል። ልጆች በጨዋታ ሲሽከረከሩ ቆይተው ድንገት ሲቆሙ ቤቱ የሚዞርባቸው ይህ ክፍል ገና ስላልረጋ ነው።

ይህ ፈሳሽ ጨውነት አለው፤ በውስጡም ጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት ያለማቋረጥ ያልፋል። የኤሌክትሪክ ፍሰት በማግኔት መካከል ሲያልፍ ደግሞ የሚገፋ ኃይል ይፈጠራል። በየቤታችን ያለው የቡና መፍጫ ሞተር የሚዞረው በዚሁ ሕግ ነው። እንግዲህ ሰው በብርቱ ማግኔት ውስጥ ሲጋደም፣ ራሱ ሳይንቀሳቀስ በጆሮው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይገፋል። አእምሮም የለመደው መልእክት ስለደረሰው «እየዞርኩ ነው» ብሎ ይፈርዳል።

በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ይህንን በግልጽ አሳይተዋል። ጤነኛ ሰዎችን በመሣሪያው ውስጥ በጨለማ አጋድመው ዓይናቸውን ሲከታተሉ፣ ራሳቸው እየዞረ ያለ ይመስል ዓይናቸው ወደ ጎን እየተንሸራተተ ይመለስ ነበር። ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ክፍላቸው የማይሠራላቸው ሰዎች ግን ይህ አልታየባቸውም። ነገሩ የፍርሃት ውጤት ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ወገን በታየ ነበር።

የማግኔቱ ኃይል በጨመረ ቁጥር ስሜቱም ይበረታል። በ1.5 ቴስላ ብዙው ሰው ምንም አይታወቀውም። በ3 ቴስላ አንዳንድ ሰው ይሰማዋል። 7 ቴስላ በሆነው መሣሪያ ደግሞ ብዙዎች ማዞሩን ይናገራሉ። ሲተኙ ቆይተው አእምሮ እየለመደው ስለሚሄድ ማዞሩ ይቀንሳል። ከመሣሪያው ሲወጡም ለጥቂት ጊዜ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ የሚዞሩ ሊመስልዎት ይችላል። ከዚህ የተነሣ የሚያቅለሸልሸው ሰው አለ። ይህ ሁሉ ያልፋል እንጂ በጆሮም ሆነ በአእምሮ ላይ የሚቀር ጉዳት የለውም።

የብረት ጣዕም፣ ብልጭታ፣ መንዘርና ሙቀት

ከብርቱ ማግኔት አጠገብ ሰውነት ሲንቀሳቀስ በውስጡ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል። ይህ ፍሰት ምላስን ሲነካ የብረት ጣዕም ያመጣል። የዓይንን የውስጥ ሽፋን ሲነካ ደግሞ አልፎ አልፎ ዓይን ተጨፍኖ ሳለ እንኳ ፈዛዛ ብልጭታ ያሳያል። ይህ ብልጭታ ኤም.አር.አይ. ከመፈልሰፉ ብዙ ዘመን በፊት የታወቀ ነው። ዳርሶንቫል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ኃይሉ በሚቀያየር ማግኔት ውስጥ ራሱን ያስገባ ሰው ብልጭታ እንደሚያይ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1896 ነበር። ጣዕሙም ብልጭታውም ራስን በማንቀሳቀስ ስለሚብስ፣ አልጋው ሲገባና ሲወጣ ራስዎን ሳያዞሩ ጸጥ ብለው ቢተኙ ይቀንስልዎታል።

ከማይጠፋው ትልቅ ማግኔት ሌላ በመሣሪያው ውስጥ በየቅጽበቱ የሚበሩና የሚጠፉ ትናንሽ የማግኔት ጥቅሎች አሉ። እንደ መዶሻ የሚደበድበው፣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራው ድምፅ የእነዚህ ጥቅሎች ንዝረት ነው። ድምፁ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ስለሚችል የጆሮ መድፈኛ ሳይደረግልዎት ምርመራው እንዲጀመር አይፍቀዱ። ለልጅዎም እንደዚሁ።

እነዚሁ ጥቅሎች ሲበሩና ሲጠፉ በቆዳ ሥር ያሉትን ነርቮች ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ያን ጊዜ ጀርባዎን፣ ጎንዎን ወይም ትከሻዎን ነዘር ነዘር ያደርግዎታል፤ ጡንቻዎም ሳያዝዙት እርግብ እርግብ ሊል ይችላል። ድምፁ ሲቆም እሱም ይቆማል። እጅን ከእጅ ማቆላለፍ ወይም እግርን ማነባበር ይህን ስሜት ያብሳል። ከዚህም በላይ ቆዳ ከቆዳ በተነካካበት ቦታ ማቃጠል ሊያስከትል ስለሚችል፣ እጅዎን በጎንና በጎን ዘርግተው ይተኙ።

ሙቀቱ የሚመጣው ደግሞ ከሬዲዮ ሞገዱ ነው። የሞገዱ ዓይነት በ1.5 ቴስላ 64፣ በ3 ቴስላ 128 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኤፍ.ኤም. አዲስን በ97.1 የሚያዳምጡ እናቶች እንግዲህ ሞገዱ ከሬዲዮናቸው ሞገድ ጋር የቅርብ ዘመድ መሆኑን ይረዳሉ። ከሞገዱ ጥቂቱ በሰውነት ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከመግባትዎ በፊት ክብደትዎን የሚጠይቁዎት ለይስሙላ አይደለም፤ መሣሪያው የሚልከው ኃይል ከመጠን እንዳያልፍ የሚሰላው በክብደትዎ ነው። ስለዚህ ክብደትዎን ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ይናገሩ። ምርመራው ሲራዘም ፀሐይ እንደ መሞቅ ያለ ለስላሳ ሙቀት ቢሰማዎት የሚያስደነግጥ አይደለም።

መቼ ዝም ማለት አይገባም?

እስካሁን የዘረዘርናቸው ስሜቶች እውነተኛ ቢሆኑም የሚያልፉ ናቸው። ዝም ተብለው የማይታለፉ ግን አሉ። በሰውነትዎ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያቃጥል ትኩሳት ከተሰማዎት፣ መንዘሩ ወደ ሕመም ከተለወጠ፣ በሰውነትዎ ውስጥ አንዳች ነገር የሚጎተት ከመሰለዎት፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ወዲያውኑ ያስታውቁ። ለዚህ ተብሎ በእጅዎ የምትሰጥ የምትጨበጥ ጎማ አለች። እሷን ሲጨብጡ ባለሙያው ይሰማል፤ መሣሪያውንም ያቆማል። ጎማዋ ካልተሰጠችዎት ይጠይቁ። ከመጀመሩ በፊትም አንድ ጊዜ ጨብጠው መሥራቷን ይሞክሩ።

ፍርሃትም ቢሆን የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ዋሻው ጠባብ ነው፤ ጠባብ ቦታ የማይወድ ሰው ብዙ ነው። አስቀድመው ከተናገሩ ባለሙያው በየመካከሉ ያነጋግርዎታል፤ ሐኪሙም እንደ አስፈላጊነቱ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊያዝልዎት ይችላል። ይሁን እንጂ ለተሰማው ነገር ሁሉ «ፍርሃት ነው» የሚል መልስ መስጠት ትክክል አይደለም። በተለይም ሴቶች ስለ ሰውነታቸው የሚናገሩትን በዚህ አንድ ቃል የመዝጋት ልማድ መቅረት ያለበት ነው።

ብረትን መደበቅ ሕይወት ያስከፍላል

ማግኔቱ ለራቁት ሰውነት ያን ያህል አስጊ ካልሆነ፣ አደጋው ያለው በብረት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት አንድ የ6 ዓመት ልጅ በምርመራ ላይ ሳለ፣ ወደ ክፍሉ የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ ራሱን መትቶት ለሞት አብቅቶታል። በዚያችው አገር እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ የሕክምና ጽሑፍም፣ ቀድሞ በብረት ሥራ ይተዳደር የነበረ ሰው በዓይኑ ውስጥ መኖሩ ያልታወቀ የብረት ስባሪ በምርመራው ጊዜ ተንቀሳቅሶ የአንድ ዓይኑን ብርሃን እንዳሳጣው ይገልጻል።

ይህ ለእኛም ቅርብ ነገር ነው። ባለቤትዎ ወይም ወንድምዎ በብየዳ፣ በሞረድ ወይም በቶርኖ ሥራ ላይ የቆየ ከሆነ፣ ዓይኑ ውስጥ ብረት ገብቶበት የሚያውቅ መሆን አለመሆኑን ይናገር። በጦር ሜዳ ቆስሎ ፍንጣሪ በሰውነቱ የቀረበት ሰውም ቁስሉ ከዳነ ዘመን ቢቆጠርም መደበቅ የለበትም። የልብ ምት ማስተካከያ፣ በአንጎል የደም ሥር ላይ የተደረገ ቅንጥብ፣ በጆሮ ውስጥ የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ፣ አጥንት የያዘ ብረት ያለበትም ሁሉ እንደዚሁ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ምርመራውን አያግዱም፤ አንዳንዶቹ ግን ጨርሶ ይከለክላሉ። የሚወስነው ባለሙያው ነው፤ እሱም የሚወስነው ከተነገረው ብቻ ነው።

እናቶች ደግሞ እነዚህን ልብ ይበሉ። የጆሮና የአንገት ጌጥ፣ የፀጉር መርፌ፣ ሽቦ ያለው የጡት ማስያዣ፣ በማተብ ላይ ያለ መስቀል፣ በብረት የተለበጠ ክታብ፣ ቁልፍ፣ ሳንቲምና ስልክ ከክፍሉ ውጭ ይቀራሉ። ማተቡን መፍታት ለሚከብዳት ሴት፣ መስቀሉ ብቻ ወጥቶ ክሩ እንዲቀር ባለሙያውን መጠየቅ ይቻላል። የዓይን ማስዋቢያዎች አንዳንዶቹ የብረት ብናኝ ስላለባቸው ፊትን ታጥቦ መሄድ ይመረጣል። ንቅሳት ያላት ሴት ትናገር፤ አንዳንድ ቀለም በምርመራው ጊዜ ቆዳን ሊያሞቅ ይችላል። ሉፕ ወይም በክንድ ውስጥ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ ያላትም እንዲሁ ታሳውቅ። በብዛት የሚሰጡት ምርመራውን አያግዱም፤ ቢሆንም ዓይነታቸው መታወቅ አለበት።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትስ?

ምርመራው ኤክስሬይ ስለሌለበት፣ ሐኪም አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ለነፍሰ ጡር ሴት ሊታዘዝ ይችላል። ነገር ግን ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጠውን ጋዶሊኒየም የተባለ መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ ሐኪሞች ያለ ብርቱ ምክንያት አይሰጡም። ስለዚህ እርጉዝ የሆነች ወይም የወር አበባዋ የዘገየባት ሴት አስቀድማ ትናገር። የምታጠባ እናት ግን ይህ መድኃኒት ቢሰጣት እንኳ ጡት ለማቋረጥ አትገደድም። በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ወተቷ የሚያልፈው ከተሰጣት ከ0.04 በመቶ በታች በመሆኑ፣ የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ማኅበር ማጥባቷን እንድትቀጥል ይመክራል።

ልጅዎን ይዘው ወደ ክፍሉ እንዲገቡ ከተፈቀደልዎት፣ ማግኔቱ እናትና ልጅ አይለይምና ለልጁ የሚደረገው ጥያቄና ፍተሻ ሁሉ ለእርስዎም ይደረጋል። ለልጅዎ «ምንም አይሰማህም» አይበሉት። ትልቅ ድምፅ እንደሚሰማ፣ ጥቂት ሊያዞረው እንደሚችል፣ ሐውልት መስሎ ከተኛ ቶሎ እንደሚያልቅ ይንገሩት። የተነገረው ነገር ሲደርስበት አይደነግጥም፤ ያልተነገረው ሲደርስበት ግን እናቱንም ማመን ይተዋል።

ምርመራው ሲያበቃ ከአልጋው ዘለው አይውረዱ። ቀና ብለው ጥቂት ደቂቃ ይቀመጡ፤ ማዞሩ ሲያልፍ ይነሡ። ደረጃ የሚወርዱ ከሆነ የሰው ክንድ ይያዙ።

ወደዚያች እናት እንመለስ። እኅቷ ጎትጉታት ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ሄደች። በዚህኛው ጊዜ ያስተናገደቻት አንዲት ወጣት ባለሙያ ስትሆን፣ ያለፈውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀቻት። «እትዬ፣ ማዞሩ እውነት ነው፤ መሣሪያው 3 ቴስላ ስለሆነ ነው። ስንገባ ቀስ እንላለን፤ ዓይንዎን ጨፍነው ራስዎን አያንቀሳቅሱ። ጥቂት ይዞርብዎታል፤ ከዚያ ይተውዎታል» አለቻት። እሷም «ይኸን ያኔ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት፣ የኔ ልጅ?» ብላ ገባች። አልጋው ዞረባት፤ ቆይቶም ተዋት። ግማሽ ሰዓት ያህል ጸጥ ብላ ተኛች። በምስሉ ላይ የሚያሰጋ ነገር አልተገኘም፤ ሐኪሙም ለራስ ምታቷ የሚሆነውን መድኃኒት አዘዘላት።

የሚያሰጋ ነገር ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ግን እነዚያ ሁለት ወራት ውድ በሆኑ ነበር። ስለዚህ አንባቢያችን፣ እርስዎ ወይም የቤተሰብዎ አባል ወደዚህ ምርመራ የምትሄዱ ከሆነ፣ የሚሰማውን ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የተሰማችሁን ሳታፍሩ ተናገሩ። ከምርመራ ለወጣ ሰው ቡና ስታፈሉም «ፈርተሽ ነው» ከማለት በፊት «ምን ተሰማሽ?» ብላችሁ ጠይቁ።